መስታወት ገጣሚው ይርሳውና ዓይኑ

ይርሳው የመኪና የፊት መስታወት ገጣሚ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከእኔ ጎሚስታ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚጎራበት ሱቅ አለው። ጎረቤት ከሆንን ዐሥራ አንድ ዓመታችን ነው። ሲሠራ አያወራም፤ ሲያወራም አይሠራም። አሮጌውን መስታወት ዙሪያውን በቢላ ፈልቅቆ ካወጣ በኋላ አዲሱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅለታል። አባቱ ፈረስ ቤት ከተማ አካባቢ ማረሻ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አንሥቶ የሚያወራው ግን አልነበረም። ካለፈው ጥቅምት በፊት ማለቴ ነው።

በጥቅምት ከቡሬ ወደ እኛ የሚያመጣው መንገድ ሊጠገን ነው ተብሎ ጠጠር ፈሰሰበት። ሲኖዎቹ በላዩ ሲከንፉ ጠጠሩ እንደ በረዶ ይረጫል። በሚኒባሶቹ መስታወት ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ መታየት ጀመረች። ድሮም ነበረች፤ የሚያያት አልነበረም እንጂ። አሁን ሾፌሩ ሁሉ በመስታወቱ አሻግሮ ማየት ትቶ መስታወቱን ማየት ያዘ። አንዱ የአዲሱ የኔትወርክ ማማ ጨረር ነው አለ። ሌላው ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ነው አለ። ሊበን ገበያ ደርሶ የመጣ ደግሞ በሽታው እዚያም ገብቷል ብሎ ማለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? በመጨረሻ ወሬው ሁሉ ተጠራቅሞ የሰው ዓይን ላይ አረፈ። ለዓይን መድኃኒቱ ጠበል ነውና ሾፌሮቹ በጀሪካን እያስቀዱ፣ በቀትር ከጉዞ ሲገቡ፣ ፀሐይ ያጋለው መስታወት ላይ ያፈሱት ጀመር።

ጉዱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ጠበሉ ሲነካው መስታወቱ ከዚያች ጉድጓድ ተነሥቶ እስከ ዳር ይሰነጠቃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባት መስታወት ሄደ። ሰባቱንም ቀይሮ የገጠመው ይርሳው ነው። "ጠበሉ አጋለጠው፤ እንጀራ የበላበት ማን እንደሆነ ይታያል" ይሉ ጀመር።

ይርሳው ምክንያቱን ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ "የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ አይችልም፤ ጠጠር የነካው ሲሆንማ ጭራሽ" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?"

"ምን ብዬ? ጠበል መስታወት ይሰብራል ብዬ? ያውም የቀጥቃጭ ልጅ ሆኜ?"

የሚፈራው ለራሱ አልነበረም። ልጁ ያምሮት ለጋሽ መልካሙ ልጅ ለደረሰ ታጭታለች፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ጋሽ መልካሙ የሦስት ሚኒባስ ባለቤት፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። በእኛ አገር ጋብቻ ዘር ተቆጥሮ ነው። ቡዳ የምትለዋ ቃል አንዴ በአባቷ ላይ ከወጣች ያምሮትን የሚያገባ አይገኝም።

የፈራነው ቅዳሜ ቀትር ላይ ደረሰ። ጋሽ መልካሙ አንዱን ሚኒባስ ራሳቸው እየነዱ መጥተው ከሱቁ ፊት አቆሙ። ስመኘው የሚባለው ሾፌር ጠበል በጀሪካን ይዞ፣ ሃያ የሚሆን ሰው አስከትሎ ከኋላቸው ደረሰ። መስታወቱ መሀል ላይ ያቺ ጉድጓድ አለች።

"ይርሳው" አሉ ጋሽ መልካሙ። ልጆቹ ከተጫጩ ጀምሮ አንቱ ይሉት ነበር፤ ያን ቀን አንተ አሉት። "ትናንት ይህን መኪና አይተህ ያምራል ብለሃል አሉ። እስቲ እንትፍ በልበት።"

ዓይኑ ወጋ የተባለ ሰው እንትፍ ካለበት የተወጋው ይድናል ይባላል። ስለዚህ ይርሳው ቢተፋ ቡዳነቱን በገዛ አፉ መሰከረ ማለት ነው። አልተፋም ቢል ስመኘው ጠበሉን ያፈሳል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ያው ነው። ያምሮት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ የማውቀውን መናገር እችል ነበር። ፈራሁ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

"አልተፋም" አለ ይርሳው፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

"ያውላችሁ!" ብሎ ስመኘው የጀሪካኑን ክዳን ከፈተ። ሰው ወደፊት ገፋ። አንዱ ድንጋይ ሲያነሣ አይቻለሁ።

"ጠበሉን አስቀምጠው! ጠበል የሰው መፈተኛ አይደለም" አለ ይርሳው። "ጋሽ መልካሙ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ሱቄ ውስጥ ከቧንቧ የተቀዳ ተራ ውሃ በእንስራ አለ። እሱን በገዛ እጅዎ ያፍስሱበት። እኔ ተሸፍኜ ጀርባዬን እሰጣለሁ። ካልተሰነጠቀ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።"

ያምሮት በጣሳ ቀድታ አመጣች። ይርሳው ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። መስታወት ተሰበር ብዬ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጋሽ መልካሙ አፈሰሱት። ምንም የለም። ስመኘው ሊስቅ አፉን ሲከፍት ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ስንጥቁ እየተሳበ እስከ ዳር ሄደ።

እፎይ ልል ስል ስመኘው፣ "ጉድ ነው ጎበዝ! ዞሮም ይሰብራል!" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡም አዎ፣ አዎ አለ። ተስፋ ቆረጥሁ። ተናደድሁ። ይርሳው ከነጋቢው ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

ጋሽ መልካሙ እጃቸውን ያያሉ። ውሃው ከጣታቸው ይንጠባጠባል። ከሰባቱ መስታወቶች ሁለቱ የእሳቸው ነበሩ፤ ጠበሉን ያፈሰሱትም ራሳቸው ናቸው።

"ስመኘው፣ አሁን ውሃውን ማን አፈሰሰ?" አሉ ቀስ ብለው።

"አንቱ ነዎት፤ ግን እኮ..."

"እንግዲያ የሰበርሁት እኔ ነኝ።" ወደ መኪናቸው ተጠጉና በሃያ ሰው ፊት ሦስት ጊዜ እንትፍ አሉበት። ከዚያ ሄደው የይርሳውን ጋቢ ከራሱ ላይ ገለጡ። "ይዙሩ እንጂ፣ ዘመዴ። ቡዳው እኔ ነኝ።"

ይርሳው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ።

ወሬው በዚህ ቆመ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። ስመኘው በማግስቱ፣ "ድሮስ ቡዳ ከቡዳ እንጂ ከማን ይጋባል!" እያለ እስከ ቡሬ አዳረሰው። በጥር ሠርጉ ተደገሰ፤ ከተጠራው ግማሹ ቀረ። ይርሳው ባዶውን አግዳሚ እያየ ሲሳቀቅ ጋሽ መልካሙ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ "ሙሽራዋ መጥታለች፤ ሌላ ማንን ጠርተን ኖሯል?" አሉት።