ጋሽ ማኅተም

በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ከጎኑ ተቀምጫለሁና ስለ ጋሽ ማኅተም የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ስሙን ያወጣንለትም እኛው ነን። ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ሲያይ ፊቱን ቅጭም ያደርጋል። «ይሄ ወረቀት አይደለም፤ መጠቅለያ ነው» እያለ ስንቱን ባለጉዳይ መልሷል! እኔንም የወሊድ ፈቃድ ስጠይቅ መልሶኛል፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

ወረርሽኙ ሲገባ ከዋናው መሥሪያ ቤት መመሪያ መጣ። እያንዳንዱ ወረዳ የጽኑ ሕሙማኑን ቁጥር በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይልካል፤ ኦክስጅን የሚከፋፈለውም በዚያ ቁጥር ነው። ቅጹን የሚሞላው ጋሽ ማኅተም ሆነ። ማኅተሙ ግን በኃላፊያችን መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ይህን ደንብ ያስወጣው ራሱ ጋሽ ማኅተም ነበር።

አንድ ሐሙስ ኃላፊው ታመመና ከቤት እንዳይወጣ ታዘዘ፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ቀረ። በዚያው ቀን በጤና ጣቢያችን የተኙት ሕሙማን ከሦስት ወደ አሥራ አንድ አሻቀቡ። አሥራ አንደኛዋ የጋሽ ማኅተም ታላቅ እህት ነበረች፤ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው። የቀረው ኦክስጅን ለሁሉም እስከ ንጋት አይበቃም።

«መሳቢያውን እንስበረው» አልኩት።

«የመንግሥት ንብረት!» አለኝ ደንግጦ።

ቅጹን ያለ ማኅተም ላከና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። ያነሳችው እዚሁ እኛ ጋ ሥራ የጀመረች፣ እሱ ራሱ ያስተማራት ልጅ ነበረች።

«ጋሼ፣ ማኅተም የለውም እኮ።»

«የኔ ልጅ፣ ዛሬን ብቻ እለፊልኝ። እህቴ ናት የተኛችው።»

«ጋሼ፣ እኔም ጨንቆኛል። ማኅተም ከሌለ ማንም የፈለገውን ቁጥር ይጽፋል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያድርሱልኝ፤ የመጀመሪያው መኪና የእናንተ ነው።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ። ያን ቀን ይህን የተረተውን ሰው ጠላሁት።

በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሮጠ። የኃላፊው ሚስት ቁልፉን በአልኮል አሽታ በመስኮት እስክትወረውርለት ደጅ ቆመ። ሲመለስ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ማኅተሙን መታ፣ ላከ። መኪናው ግን ወደ ሌላ ወረዳ ሄዶ ነበር። የእኛ ድርሻ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰ፤ እህቱ ንጋት ላይ አርፋለች። የዕለቱን ቅጽ እኔ ልሙላው ብለው እምቢ አለኝ። ከሟቾች መካከል እሷንም ቆጥሮ ጻፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ወረርሽኙ እስኪያልፍ ሪፖርት ያለ ማኅተም እንዲላክ የሚያዝ ደብዳቤ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እኔ በንዴት ልቀደው ስል እሱ ተቀብሎኝ ቁጥር ሰጠውና ፋይል ውስጥ አስገባው።

ልጅቷ ደብዳቤው መድረሱን ለማጣራት ደወለች።

«ደርሷል» አላት። «ማኅተሙም ደህና ተመቷል።»

ልቅሶዋ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

«አታልቅሺ የኔ ልጅ። አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያስተማርኩሽ።»

ስልኩን አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በሃያ ስድስት ዓመት ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።