ሴራሚክ ላይ የተጨፈረ ጉራግኛ

ጋሽ ዓብዩ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለውን ምግብ ቤታቸውን ሲያሳድሱ የድሮውን ምንጣፍ አስነሥተው የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አስነጠፉ። ለማጽዳት ይመቻል፣ ፎቶ ላይም ያምራል። የቤቱ ተወዛዋዥ ሉሊት የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጨፍራ እንደጨረሰች፣ ላቧን እየጠረገች ሄደችና፣ «ጋሽ ዓብዩ፣ ከሥሩ እኮ ኮንክሪት ነው። ለእኛ ትንሽ የጣውላ መድረክ ቢያሠሩልንስ?» አለቻቸው።

«አሜሪካ አሞላቀቃችሁ! አገር ቤት ሰው ድንጋይ ላይ ይጨፍር የለ እንዴ?» ብለው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ያኔ ትስቅ ነበር።

ሉሊት ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። በሥራ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሕፃናት ማቆያ ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ትጨፍራለች። ጉራግኛ ሲመታ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ይሏታል። ይነካል እንጂ! በየዝላዩ ኮንክሪቱን ይመታዋል፣ ኮንክሪቱም መልሶ ይመታዋል።

የአሜሪካው ክረምት ሲገባ ቀኝ ቁርጭምጭሚቷን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ከጭፈራ በኋላ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ ደረጃ ስትወርድ፣ ቀጥሎም ሕፃን አቅፋ ስትራመድ ያስነክሳት ጀመር። «ወለም ብሎሽ ነው» አሏት ጋሽ ዓብዩ። ጎረቤቷ ሴቨን ኮርነርስ አካባቢ ወዳለ ወጌሻ ወሰደቻት፤ ሰውየው ቅባት ቀብቶ እንባዋ እስኪወርድ አሻት። ሕመሙ ባሰ። ጋሽ ዓብዩ ግን፣ «ዛሬ ጠረጴዛው ሁሉ ቡክ ተደርጓል፣ እንዳታሳፍሪኝ» ይላሉ፤ እሷም እግሯን በፋሻ ጠፍራ ትገባለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ጉራግኛው በጋለበት ሰዓት፣ ስትዘል እግሯ ከዳትና ከጠረጴዛዎቹ ሥር ወደቀች። ሙዚቀኞቹ አቆሙ። ጋሽ ዓብዩ ከባንኮኒው ጀርባ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ «ቀጥሉ! ቀጥሉ እንጂ!» አሉ። ያነሣቻት አንዲት እንግዳ ናት።

ሐኪም ቤት ራጁ ምንም አላሳየም። ኤምአርአይ ሲደረግላት ግን አጥንቷ መሰንጠቁ ታየ። «ስትወድቂ የተሰበረ አይደለም» አላት ሐኪሙ፤ «ሽቦ ደጋግመሽ ስታጥፊው ምን ይሆናል? እንደዚያ ነው። ቆይቷል።» ከጉልበቷ በታች የሚታሰር ቡት አድርገው ክራንች ሰጧት። ሕፃናት ማቆያው፣ ልጅ ማንሣት እስክትችይ ቤትሽ ተቀመጪ አላት።

ተቀመጠች፤ በገነች። እግዜር ይማርሽ የሚላትን ሁሉ ልትነክስ ደረሰች። ቡቱ ወልቆ ፊዚዮቴራፒ ስትጀምርም ቁጣዋ አልበረደም። ባለሙያዋ ዮዲ እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ይሰባበራል።

«በእግርሽ ጣት ኤቢሲ ጻፊ፣ አየር ላይ» አለቻት።

«የቄስ ትምህርት ቤት ነው እንዴ የመጣሁት?»

«ጻፊ ብቻ።»

ሉሊት በንዴት ሀ ሁ ሂ ብላ ጀመረች። መ ላይ ሳትደርስ ቁርጭምጭሚቷ ተንቀጠቀጠ። አገር ምድሩን ስታስጨበጭብ የኖረች ሴት በአንድ እግሯ ስፖንጅ ላይ ቁሚ ስትባል እንደ ሕፃን ተንገዳገደች። የምትስበውን ላስቲክ ወርውራ ግድግዳ መታችበት። ዮዲ ሄዳ አነሣችው፤ መልሳ እግሯ ላይ አጠለቀችላት።

«ፍሎሩ ምንድን ነው፣ የምትጨፍሪበት?» ስትል ጠየቀቻት።

«ሴራሚክ። ከሥሩ ኮንክሪት።»

«ኮንክሪት ላይ ጃምፕ ታደርጊያለሽ? ማን ነው አላው ያደረገው፣ የፈቀደው?»

ሉሊት ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕመሟ መናደዷን ተወች፤ በሰው ተናደደች።

ጋሽ ዓብዩ በነዚያ ወራት አንድ ቀን አልደወሉም። በፌስቡክ ገጻቸው ላይ ሔራን የምትባል አዲስ ተወዛዋዥ ፎቶ አወጡ። ሉሊት ላስቲኳን ሳበች፣ በጣቷ ቆመች፣ ወረደች። ዮዲ በመጨረሻ «አሁን ዝለይ» ስትላት ዘለለች፤ አላመማትም። ደስ ያላት ግን ዮዲ ብቻ ነበረች፤ የሉሊት ንዴት እንዳለ ነው።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ስልኳ ጮኸ። «ሉሊትዬ! ድነሻል አሉ። ለበዓሉ ምሳ ነይልኝ፣ ከሔራን ጋር ድምቅ አድርጉት።» እሺ አለች። ወለሉን ለማየት ነበር እሺ ያለችው።

ያው ሴራሚክ ነው። በኩሽናው መተላለፊያ ሔራን የጭፈራ ልብሷን እንደለበሰች ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በረዶ ይዛለች።

«ምን ሆነሽ?»

«ምንም። ጋሽ ዓብዩ ወለም ብሎሽ ነው ብለውኛል።»

ሉሊት ተንበርክካ የሔራንን አጥንት በአንድ ጣቷ ጫን አደረገችው። ልጅቷ ጮኸች። ጩኸቱን ሰምተው ጋሽ ዓብዩ መጡ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ሰው ሞልቷል!»

«እሷ አትጨፍርም።»

«ምን አልሽ?»

«አትጨፍርም አልኩህ!»

አንተ አለቻቸው። ሳህን የያዘው አስተናጋጅ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«የጣውላ መድረክ አሠራልን ብዬ ለምኜሃለሁ! አጥንቴ ተሰንጥቆ ስወድቅ ቀጥሉ አልክ! አንድ ቀን ደውለህ እንዴት ነሽ አላልከኝም! አሁን ደግሞ የሰው ልጅ ትሰብራለህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ!»

ሔራንን በትከሻዋ ደግፋ በአዳራሹ መካከል ይዛት ወጣች። እንግዳው ጭፈራው የተጀመረ መስሎት አጨበጨበ፤ ከበሮ መቺውም ግራ ገብቶት ሁለት ሦስቴ መታ። ሁለቱ ሴቶች፣ ሔራን እያነከሰች፣ በጠረጴዛዎቹ መሐል አልፈው በሩን ሲከፍቱ ጭብጨባው ሞተ።

የሔራን ስንጥቅ ገና ጅምር ስለነበር ቶሎ ዳነች። ጋሽ ዓብዩ ወዳጃቸውን ጋሽ ልዑልሰገድን ሽማግሌ አድርገው ሉሊት ቤት ላኩ።

«ጥፋት ይኑርባቸው፣ ግን በአባትሽ ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ማለት ነውር ነው፣ ልጄ» አሏት።

«እርስዎን አንተ ብዬዎት አላውቅም፣ ጋሽ ልዑልሰገድ። ምሳ ይብሉ። ስለእሱ ግን አያንሡብኝ።»

ምሳቸውን በልተው ሄዱ። ሉሊት ዛሬ ከሔራን ጋር ሠርግ ላይ ትጨፍራለች፤ ከጋሽ ዓብዩ ጋር ግን አልታረቀችም፣ የመታረቅ አሳቡም የላትም።