የሰርቪሱ ወንበር

በእኛ መሥሪያ ቤት ሰርቪስ ውስጥ ወንበር ላይ ስም አይጻፍም፤ ባለቤት የሌለው ወንበር ግን የለም። ቋሚ ሠራተኛ ይቀመጣል፣ ኮንትራት ይቆማል። ይህን የሚል መመሪያ አይቼ አላውቅም፤ ሰው ግን ከመመሪያ አብልጦ ያከብረዋል። አውቶቡሱ ከሰበታ ተነሥቶ ዓለም ገና ሲደርስ ግማሹ ባዶ ነው። ቢሆንም ባለቤቶቹ አየር ጤና ላይ ስለሚሳፈሩ፣ እኔ ገብቼ መሀል ላይ ብረቱን እይዛለሁ። ባዶ ወንበር አጠገብ ቆሞ መሄድ እንዴት እንደሚያበሽቅ የቆመ ያውቀዋል።

ካራ ቆሬ ላይ ጓደኛዬ ይገባና አጠገቤ ይቆማል። ሁለታችንም መዝገብ ቤት ነን፤ ኮንትራታችን በየስድስት ወሩ ይታደሳል፣ እኛም በየስድስት ወሩ እንሳቀቃለን። ባለፈው ዓመት አንድ ቋሚ መደብ ተከፈተና ሁለታችንም አመለከትን። ተፈተንን፣ ቃለ መጠይቅ ገባን፣ ከዚያ ዝም ተባልን። ዛሬ ይለጠፋል፣ ነገ ይለጠፋል እያልን ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ መመላለስ ሆነ ሥራችን። እሱ ሲሄድ እኔ ያላየሁ እመስላለሁ፤ እኔ ስሄድ እሱ ስልኩን ይነካካል።

በዚህ መሀል ሾፌሩ ከአስተዳደር ሰማሁ ብሎ እኔ ማለፌን አወራ። ንብረት ክፍል የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ፤ የሚመጡት ከሰበታ ነው። ጎናቸው ይቀመጡ የነበሩት ሰውዬ በቅርቡ ጡረታ ወጥተዋል። በማግስቱ ገና ስገባ ባዶውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ኮቱ፣ ታኢ ልጄ» አሉኝ፣ ና ተቀመጥ ሲሉ በኦሮምኛ። «ከእንግዲህማ የእኛው ነህ።»

ገና አልተለጠፈም ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሳልናገረው ተቀምጬ ተገኘሁ። ወንበሩ ደግሞ ይመቻል፤ ይህን አልክድም።

ካራ ቆሬ ስንደርስ ጓደኛዬ ገባ፣ አየኝ፣ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ፊቱ ላይ ቅናት ፈልጌ አጣሁ። የተቀመጠ የቆመን ዕቃ መያዝ ወጉ ነውና ቦርሳውን ተቀበልኩት። ከቤት የተቋጠረው ምሳው ገና ትኩስ ስለነበረ ጭኔን አሞቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። እናትየዋ ስለ ልጆቻቸው ያጫውቱኛል፤ እኔም የዕድሜ ልክ ቋሚ ይመስል ስለ ደረጃ ዕድገት እተነትንላቸዋለሁ። ምን ነክቶኝ እንደነበር እንጃ።

አርብ ከሰዓት ውጤቱ ተለጠፈ። ያለፈው እሱ ነው። እኔ ተጠባባቂ ነኝ። ሥራውን ማጣቴ አሞኛል፤ ቅዳሜና እሑድን ሳብሰለስል የዋልኩት ግን ያንን ወንበር ነው። በታክሲ ልሂድ አልኩ። ታመምኩ ብዬ ልቅር አልኩ። እስከ መቼ?

ሰኞ ስገባ እናትየዋ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ወንበሩን አልመቱትም። አልፌያቸው ሄጄ የድሮ ብረቴን ያዝኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። መውደቅማ በሰው ሁሉ የሚደርስ ነው፤ ያሳፈረኝ ቀድሜ መቀመጤ ነው። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ቶሎ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

ጓደኛዬ ካራ ቆሬ ላይ ገባ። እንደ ወትሮው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እንኳን ደስ አለህ ማለት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ብረቱን እንዲይዝ ጠጋ አልኩለት። ሁለት ጎልማሶች ለአንድ ባዶ ወንበር ዘብ የቆምን መስለን ጥቂት ሄድን። በመጨረሻ እናትየዋ ትዕግሥታቸው አለቀና ወደ እሱ ዞረው፣ በል ተቀመጥ እንጂ አሉት።

ተቀመጠ። እኔን ሳያየኝ እጁን ዘረጋ።

«አምጣ፣ ልያዝልህ።»

ቦርሳዬን ሰጠሁት። ምሳዬ ገና ትኩስ ነበር፤ ጭኑን እንደሚያሞቀው አውቃለሁ።