ከጋን እስከ ጀበና

ዛሬ ጠዋት ሻሼን ስታስሪልኝ የጣትሽ ቀለበት ከጆሮዬ ጀርባ ያለውን አጥንት ነካኝ። ቀዘቀዘኝ። ፊቴ ሲለዋወጥ አይተሽ «አመመዎት እንዴ?» ያልሽኝ መሰለኝ፤ ከንፈርሽን አየሁት። አላመመኝም፣ የሐኪሙ ብረት ትዝ ብሎኝ ነው። ደግሞ አትጩሂ፤ ጎረቤት ትረብሺያለሽ እንጂ ለእኔ አይረባኝም። ተቀመጪና ልንገርሽ።

ያን ጊዜ ጣሊያን ገና አልመጣም፣ ገበያውም ገና ከጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። እኔ ሸክላ ተራ ነበርኩ። ከሠሪዎቹ ተረክቤ እሸጣለሁ። አዲስ ሸክላ በጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ጭስና አፈር ይሸታል፤ ያ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሥራው ግን የጆሮ ነው። ዕቃውን በጣትሽ አንጓ ታንኳኪዋለሽ፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ስንጥቁ ይንኮሻኮሻል። ጋን ድምፁ ወፍራም ነው፣ እንስራ መካከለኛ፣ ጀበና ቀጭን። እኔ «ደህና ነው» ያልኩትን ዕቃ ዳግመኛ የሚያንኳኳ ገዢ አልነበረም። እኮራበት ነበር፤ ደግሞም ያኮራል።

እናትሽን አርግዤ ሳለሁ ግራ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። ሴቶቹ «ወሬ ልትሰሚ ነው» እያሉ ሳቁብኝ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ምድር ዞረችብኝ። በሁለት እጄ መሬቱን ተደግፌ ብይዝ አልቆም አለኝ። አንዷ የእርግዝና ነው አለች፣ ሌላዋ ቡዳ ነው አለች። በሳምንቱ አንዲት ደንበኛዬ ከእኔ ገዝታ ለልጇ ክርስትና ጠላ የጠመቀችበትን ጋን አሸክማ መጣች። ጠላው ሌሊቱን ፈስሶ ወለሉ ላይ አልቋል። ጋኑን እፊቷ አንኳኳሁት። ስንጥቁን አልለየሁትም። በዙሪያዬ ያለው ሰው ፊቱን አጨማደደ፤ ስንጥቁ ለሁሉም ተሰምቷል። ሌላ ጋን ሰጠኋትና አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አያትሽ ልብስ ሰፊ ነበር። የጀመረውን እጀ ጠባብ መኪናው ላይ ትቶ ወደ ፈረንጁ ሐኪም ወሰደኝ። ክፍሉ አልኮልና ኖራ ይሸት ነበር። ሐኪሙ መንሽ የመሰሉ፣ ሲመቱ የሚጮኹ ባለ ሁለት ጣት ብረቶች፣ ትልቅና ትንሽ፣ አወጣ፤ እያንዳንዱን ጉልበቱ ላይ መትቶ መጀመሪያ ከጆሮዬ አጠገብ ያዘው፣ ቀጥሎ አጥንቴ ላይ ተከለው። በግራ በኩል ትልቁ ብረት ነዘረኝ እንጂ ድምፅ አልነበረውም። ትንሹን ሰማሁት። በቀኝ በኩል ትልቁም ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። እያፈራረቀ ደጋገመው። ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ ሰውየው እንደ ጋን እያንኳኳኝ ነበር።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «ማዞሩ በመጣ ቁጥር ከጆሮሽ ቆንጥሮ ይሄዳል ይላል። ግራው እያለቀ ነው፣ ቀኙም ተከታይ ነው። ልጅሽ አፍ ሳይፈታ ጆሮሽ ይዘጋል ነው የሚለው። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርን እሱ ነው ያለው ወይስ አንተ ጨመርከው?»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለ አቀርቅሮ።

«እንግዲያው ይህንን ደግሞ ንገረው። የልጄን አፍ ሳልሰማ አልደነቁርም።»

ሐኪሙ ሲተረጎምለት በሐዘኔታ አየኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ያናደደኝም ያ ደግነቱ ነው። ገና ሳልሞት የሚያለቅስልኝ ሰው አልወድም።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ጋን፣ እንስራና ጀበና ደርድሬ አንኳኳ ነበር። ሐኪሙ የተነበየውን በሸክላዬ እከታተለው ጀመር። ማዞሩ ሁለት ቀን ጥሎኝ ሲነሣ ሄጄ አንኳኳለሁ፣ ምን እንደወሰደብኝ አውቃለሁ። እናትሽ በተወለደች በጥቂት ወር ጋኑ በቀኙም ዝም አለ። የጊዮርጊስ ከበሮ አብሮት ሄደ። የአያትሽ ድምፅ ጎርናና ስለነበር እሱም ሄደብኝ። ለእኔ ሲል ድምፁን አቅጥኖ እንደ ሴት ያወራ ጀመር፤ ጓደኞቹ ሳቁበት፣ ግድ አልሰጠውም። አማቴ ንግዱን ተይ አለችኝ። አልተውም ብዬ የጋኑን ደህንነት በመዳፌ ንዝረት መለየት ለመድኩ።

ተስፋ አልቆረጥኩም። የሕፃን ድምፅ ቀጭን ነው፣ የጀበና ወገን ነው። ሐኪሙ ብረት ያውቃል፣ ሸክላ አያውቅም እያልኩ ራሴን አበረታ ነበር።

እናትሽ ደግሞ ጉድ ሠራችኝ። ጥርስ አበቀለች፣ ቆመች፣ ሄደች፤ ንግግር ግን የለም። ዓመት ከመንፈቅ ሞላት፣ ዝም። እንስራውም በዚያው ክረምት ዝም አለ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ «እማ በይ፣ የኔ እናት፣ እማ» ስላት አፌን እያየች ትስቃለች። አንዲት ጎረቤት «ያንቺ ወጥቶባት ይሆናል» አለችኝ። የሰደብኳትን ስድብ አልነግርሽም። እቤት ገብቼ ከልጅቷ ጀርባ ጀበና አንኳኳሁ፤ ዘወር አለች። ያኔ ተንበርክኬ አለቀስኩ።

አንድ የገበያ ቀን ደመናው ጠቁሮ ሁሉም ዕቃውን ይሰበስባል። እናትሽ አፉ የተሸረፈ ትልቅ ድስት ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። «ነይ ውጪ፣ ዝናብ መጣ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ከንፈሯን ጣለችና፣

«እምቢ!» አለች።

እጄ በአየር ላይ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«እምቢ! እምቢ!»

ቀጭን ነበር፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ይሻክራል። ዝናቡ ወረደብን፣ እኔ ግን አላነሣኋትም፤ ደግማ እንድትል ውጪ እያልኩ እለምናታለሁ። የተራው ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አያለሁ፤ ሳቃቸው አይሰማኝም። የሰው ልጅ በ«እማ» ይጀምራል፣ የእኔዋ በ«እምቢ» ጀመረች። እንኳንም እንዲህ አለች።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከምናምን ሰማኋት። አንዴ ከተፈታ ደግሞ አፏ አልዘጋ አለ። ስንዴውን «ጥንዴ»፣ ሳሙናውን «ጣሙና» ስትል አላርማትም ነበር። ሦስት ዓመት ሲሞላት ጀበናው ዝም አለ፣ ማዞሩም በዚያው ተወኝ። ሐኪሙ ልክ ነበር፤ እኔ ግን ቀደምኩት።

እናትሽ ይኸው ሸበተች። ድምፅዋ የአባቷን እንደሚመስል ሰዎች በምልክት ነግረውኛል፣ እኔ አላውቀውም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የሚሰማኝ የሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። ትናንት መድኃኒቴን ስላልዋጥኩ ግንባሯን ቋጥራ ስትቆጣኝ፣ ያቺ ትንሽዬ ድምፅ ናት በሚኮላተፍ አፏ የተቆጣችኝ። ሳቅሁ፤ ይብስ ተናደደች። ለምን እንደምስቅ ነግሬያት አላውቅም። አንቺም አትንገሪያት።