የእናቴ ምስጋና በወንጂ

የልጅነት ትዝታዬ ስለሆነ አንዳንድ ዝርዝር ላይ ተሳስቼ ይሆናል። ባለቤቴ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ አዳማ ቤታችን እያገገመች ነው፤ የመጨረሻው የምርመራ ውጤት ግን ገና አልመጣም።

«እሁድ ጉባኤው ፊት ቆመን እናመስግን» አለችኝ።

«መጀመሪያ ውጤቱ ይምጣ» አልኳት።

በመስኮቱ የገባው የሚቃጠል የሸንኮራ አገዳ ሽታ ወደ ልጅነቴ ወንጂ መለሰኝ። አባቴ በወባ ታሞ ሆስፒታል ሳለ እናቴ በጉባኤው መካከል ለምስጋና ተነሳች። ነጠላዋ ላይ የአገዳ ጥላሸት አርፎ ነበር።

«እህቴ፣ ቢያንስ ከአልጋው ይነሳ እንጂ!» አሏት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ በሹክሹክታ።

«ጋሼ፣ ከተነሳማ ራሱ መጥቶ ያመሰግናል፤ የዛሬው የእኔ ነው።»

አባቴ በኋላ ድኗል። ምናልባት እናቴ ቀድሞ የምሥራች ደርሷት ይሆናል ብዬ ታላቅ እህቴን ጠየቅኋት። አልደረሳትም አለችኝ፤ አባቴ ያን እሁድ ገና ራሱን አያውቅም ነበር።