ሱፍ የለበሰ በሽተኛ

አሜሪካ ላበደ ሰው ገንዘብ ታድላለች ይባላል። ውሸት ነው። ኮለምበስ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ አበሻ ሁሉ ግን «ጭንቅላቴን ያመኛል ብትል መንግሥት ይጦርሃል» ይላል፤ ሞክሮ ያየ አንድ ሰው እንኳ ከመሃላቸው የለም። እኔ ለታናሽ ወንድሜ ሞክሬዋለሁ።

ወንድሜ በዲቪ መጥቶ ሪከንባከር መጋዘን ውስጥ ዓመታት ሠርቷል። ከዚያ ዕቃ የሚመዘግብበት ስካነር ስሙን እየጠራ ይሰድበው ጀመር። ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ነገሩን፣ መድኃኒትም ጀመረ፤ ሥራው ግን በዚያው ቀረ። እኔ የእሱንም የራሴንም ኪራይ መክፈል የምችለው ለጥቂት ወራት ነበር። ያመለከትንለት የመንግሥት የአካል ጉዳት ድጎማ ካልተፈቀደለት የሚገባው ቤት አልባዎች የሚያድሩበት ሼልተር ነው። አንዴ ገብቶ በማግስቱ ድልድይ ሥር ነው ያገኘሁት።

የመንግሥት ሐኪም እንዲያየው ዳውንታውን በተቀጠረበት ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የወሰዱት ካናል ዊንቸስተር ያለውን የቤታቸውን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ለእሱ ያከራዩት እትዬ ናቸው። ለምነው አስታጥበው፣ ጢሙን አስላጭተው፣ የሟች ባለቤታቸውን ሱፍ ከነከረባቱ አልብሰው ወሰዱት። ሐኪሙ «ንጹሕ፣ ትሑት፣ በሥርዓት የለበሰ» ብሎ ጻፈ። ማመልከቻው ወደቀ።

«እትዬ፣ ምን አደረጉት?»

«ምን አደረግሁት? ሰው አስመሰልሁት! መሥሪያ ቤት እኮ ነው የሄደው። በፒጃማ ልውሰደው?»

«አዎ!»

ይግባኝ ስንል የያዝናት ጠበቃ በየቀኑ የሚያየው ሰው ይመስክር አለችን። ወገኔን የናቅሁት ያኔ ነው። በዚያ በኮሮና ጊዜ ማስክ አድርጎ፣ ወጥ በፎይል ሸፍኖ በራችን ላይ አስቀምጦ የሚሄድ ሞልቶ ነበር። መስክሩ ሲባል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ለዓመታት በአንድ መኪና ሥራ አብሮት ሲመላለስ የነበረው ጓደኛው ብቻ አነሳ።

«ጋሼ፣ እብድ ነው ብዬ ፈርሜ ነገ ማን ታገባዋለች?»

«አሁን በር ላይ ተሰልፈዋል እንዴ?»

ዘጋብኝ።

እትዬ ብቻ እሺ አሉ። ችሎቱ በስልክ ነበር፤ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ጠረጴዛ ከበን ስፒከር ላይ አደረግነው። ዳኛዋ በአስተርጓሚ በኩል የወንድሜ ውሎ እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። ጨዋ ልጅ ነው» አሉ።

ስልኩን ሲንክ ውስጥ ልከተው ትንሽ ቀረኝ። ወንድሜ ግን ወደ እትዬ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ አይፍሩ፤ ይንገሯቸው። እነሱ እንደሆነ ከኮርኒሱ ላይ ሁሉን ሲሰሙ ነው የከረሙት።»

እትዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። ከዚያ የጭስ አላርሞቹን ሁሉ ነቅሎ ጓሮ እንደቀበረ፣ ራሱ ከከፈተው የቆርቆሮ ምግብ በቀር እንደማይበላ፣ ከግድግዳ ጋር ሲጨቃጨቅ እንደሚያድር፣ እሳቸውም መኝታ ቤታቸውን ቆልፈው እንደሚተኙ ተናገሩ። በየመሃሉ ወደ እሱ ዞረው «ይቅር በለኝ ልጄ» ይላሉ። አስተርጓሚው ያንንም ተረጎመው።

ድጎማው ተፈቀደለት። አሁንም እትዬ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ያ መፈረም የፈራው ጓደኛው ወሬውን ሰምቶ ደወለልኝ።

«አየህ ጋሼ፣ አሜሪካ እኮ ዝም ብላ ትሰጣለች!»

አንተ ይህን የምታነበው፣ አጠገብህ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ወጡን ተወው። ያየኸውን ጻፍና ፈርምበት።