የዩኒት ሊደሩ ነጭ ቀበቶ

የቴኳንዶ ማስተራችን የአዳራሹን ቁልፍ የሰጠኝ መናኸሪያ ቆሞ ነው። ለጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ባሕር ዳር ሊሄድ ክራንቹን ተደግፎ፣ ሹፌሩ ጡሩንባውን እየነፋበት፣ «በይ እንግዲህ፣ እስክመለስ አንቺ ነሽ» አለኝ። እኔም እንደ ሞኝ «እሺ» አልኩ። ምን ልበል? ጥቁር ቀበቶ ከታጠቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ከሰልጣኞቹ ውስጥ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ አንድም የለም። የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ የልጆች አባት የሆነ ባጃጅ ነጂ አለ። ማስተሩ ሚኒባሱ ውስጥ ከገባ በኋላ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ሰው ብቻ እንዳይበተንብሽ» አለኝ። «ቀበሌው አዳራሹን ለመጋዘን ይፈልገዋል። ባዶ ካገኙት አለቀልን፣ መልሰን አናገኘውም።»

ሚኒባሱ ሄደ። እኔ ቁልፉን ጨብጬ እዚያው ቀረሁ።

ፈሪ ነኝ። ይሄን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ቴኳንዶ የምትሠራ ሴት ሲያይ ሰው ሁሉ ደፋር ናት ይላል፤ እኔ የጀመርኩት ስለምፈራ ነው። ውሻ እፈራለሁ። ስልክ ሳይታሰብ ሲጮህ እደነግጣለሁ። ከሁሉ አስበልጬ የምፈራው ግን አንድ ሰው ነበር፤ የተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር። በአፌ ሁሌም «ጋሼ፣ እርስዎ» እለዋለሁ፤ በልቤ ግን እስከ ዛሬ አንቱ ብዬው አላውቅም።

የእንጅባራን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጭጋጉ መንገድ ያጠፋል፣ ብርዱ ከብርድ ልብስ አያስወጣም፣ እናረፍዳለን። እሱ በሩ ላይ ቀርቀሃውን ይዞ ይጠብቀናል። በእኛ አገር ቀርቀሃ አይጠፋም፤ አጥሩም ቀርቀሃ፣ ወንበሩም ቀርቀሃ፣ ዱላውም ቀርቀሃ ነው። ጠጠር ላይ ያንበረክከንና መዳፍ ያስዘረጋናል። ከዱላው ደግሞ ጆሮ ይብሳል። ጆሮ ይዞ ሲጠመዝዝ ዓይን ውስጥ እሳት ይበራል። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ነገር ለምደን ነበር። እሱ ሲጠጋ ዓይናችንን እንጨፍናለን፣ ትከሻችንን ሽቅብ እናነሳለን፣ ጆሯችንን በመዳፋችን እንሸፍናለን። «ጋሼ፣ አልደግምም! ጋሼ፣ በእናትዎ!» እያልን እንጮሃለን። አይሰማም። ልቡ ድንጋይ ነው እንል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ማስተሩ ከሄደ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት የአዳራሹ በር ተከፈተና ዩኒት ሊደሩ ገባ። ጡረታ ወጥቷል፣ ፀጉሩ ነጭቷል፣ አዲስ ቱታ ለብሷል። እጄ ሳላዘው ከኋላዬ ተደበቀ።

«አሰልጣኙ የለም እንዴ?»

«እ... እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ምን?» አለ አንገቱን ወደ እኔ አዘንብሎ።

«እኔ ነኝ!»

«አንቺ?» ከላይ እስከ ታች አየኝ። አላወቀኝም። ስንቱን መትቶ ስንቱን ያስታውስ! «ሐኪሙ ስኳር አለብህ፣ ተንቀሳቀስ ብሎኛል። ከማስተሩ ጋር በስልክ ጨርሰናል። በይ ቦታዬን አሳዪኝ።»

እኛ ዘንድ ለአዲስ ሰልጣኝ የመጀመሪያውን ነጭ ቀበቶ የሚያስረው አሰልጣኙ ራሱ ነው፤ ያውም ተንበርክኮ። ወግ ነው፣ ማስተሩ ለእኔም እንደዚያው አድርጎልኛል። እንግዲህ እዚያ ሰውዬ ፊት እንደገና ተንበረከክሁ። ቋጠሮው እምቢ አለኝ። እሱ ከላይ ሆኖ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የማስተሩን ቀርቀሃ ያያል። ማስተሩ በእሷ የተሳሳተ እግር ነካ ነካ አድርጎ ይመልስ ነበር እንጂ ሰው አይመታባትም።

«እሷን ትጠቀሚባታለሽ?» አለኝ።

«አይ ጋሼ።»

«ታዲያ ያለ ዱላ ይሰሙሻል?»

መዳፌ ጋለ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ እንደተመታሁት ጋለ። ሰዉ ሲወጣ ቀርቀሃዋን አውርጄ ከወንበሮቹ ኋላ ሸሸግኳት።

ጣጣው የጀመረው በማግስቱ ነው። ሰልፋችን በቀበቶ ነው፤ ከፍ ያለው ከፊት፣ ነጭ ከኋላ። ዩኒት ሊደሩ ሥርዓት ያውቃል፣ ሄዶ ከኋላ ቆመ። ማን ያስቆመው! «ኧረ ጋሼ፣ ወደፊት ይለፉ! ኧረ በሞቴ!» ነርሷ ክንዱን ይዛ ትጎትታለች፤ የባንኩ ሰውዬ ወንበር ያመጣል። ግማሾቹ የእሱ ተማሪዎች የነበሩ ናቸው። ሁሉም በየተራ የተገረፉ ናቸው። አሁንም ሲያስነጥስ እንኳ ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

ሩጫው ባሰ። ስንጀምር አዳራሹን እየዞርን እንሮጣለን። ታላቅን ሰው መንገድ ላይ ስታገኝ ሰላም ሳትል፣ ሳታስፈቅድ ጥለኸው አታልፍም፤ እንደዚያ ነው ያደግነው። እሱ ከፊት ሆኖ በስኳር በደከመ እግሩ ሱክ ሱክ ይላል፤ ያ ሁሉ ጉልበተኛ ሰው ከኋላው ተሰልፎ ሱክ ሱክ ይላል። ባጃጅ ነጂው በአዊኛ የሆነ ነገር አንሾካሾከና የጎኑን ሰው አሳቀው። በኋላ ምን እንዳለ ስጠይቀው «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው ነው ያልኩት» አለኝ። ጥንድ ጥንድ ሆኖ እግር መለማመድ ሲመጣ ደግሞ ለእሱ ጥንድ የሚሆን ጠፋ። በጋሼ ላይ እግሩን የሚያነሳ ማን ነው? ጥግ ላይ ብቻውን ቆሞ አየሩን ይራገጣል።

አንድ ቃል ብናገር ይስተካከል ነበር። «ጋሼ፣ ሰው ሲያልፍዎ አይቀየሙ» ማለት ነው፣ በቃ። ቤቴ ሆኜ ስንቴ ተለማመድኩት! ፊቱ ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። እሱም አንገቱን አዘንብሎ «ምን?» ሲለኝ፣ «አይ፣ ምንም» እልና እሸሻለሁ። ሰዉ ቀስ በቀስ ይቀር ጀመር። ነርሷ ተረኛ ነኝ አለች፣ የባንኩ ሰውዬ ሥራ በዛብኝ አለ። ከቀበሌው አንድ ሰው መጥቶ በመስኮት አጮልቆ፣ ምንም ሳይናገር ሄደ። ማስተሩ ከሆስፒታል ደውሎ «ሰው አለ?» ሲለኝ፣ «አለ፣ አለ!» አልኩት።

አንድ ቀን ስንወጣ ባጃጅ ነጂው በር ላይ ጠበቀኝ። ቀልደኛ ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ማስተር፣ ጋሼን አከብራቸዋለሁ። እኔንም ገርፈውኛል፣ አልክድም። ግን የምመጣው ልሰለጥን እንጂ ላጅባቸው አይደለም። ነገም እንደዚሁ ከሆነ እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ።»

እሱ ከቀረ በባጃጁ ጭኖ የሚያመጣቸውም ይቀራሉ። እነሱ ከቀሩ አዳራሹ ሄደ። ማስተሩ ለዚያ አዳራሽ ዕድሜውን ጨርሷል፣ ጉልበቱንም ጨርሷል። በእኔ ፍርሃት የተነሳ ሊያጣው ነው።

ቤት ስገባ እናቴ ድንች ትልጣለች። ነገርኳት።

«ታዲያ አትነግሪውም?»

«እፈራዋለሁ እማ።»

«ፈሪ ለእናቱ ነው» ብላ ሳቀች። «እኔስ ብትይ! ወላጅ አምጪ ብሎሽ የመጣሁ ቀን ለጥቂት ነው እኔንም ያላንበረከከኝ።» ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «ሽማግሌ እንላክበት» አለች።

«እማ! ለሩጫ ሽማግሌ ይላካል?»

«ለጋብቻ ይላካል፣ ለጠብ ይላካል። ለሩጫ ምን ይከለክለዋል?» ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። «ብቻ እግርሽን ፊቱ ላይ እንዳታነሺ። ታላቅ ነው። ነውር ነው፣ ልጄ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ አዳራሹ ስሄድ ጭጋጉ ወፍራም ነበር። ባይመጣ ብዬ ጸለይኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቢታመም ሁሉ ብዬ ተመኘሁ። መጥቷል። ነጭ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ አስሮ በሩ ላይ ይጠብቀኛል፤ ልክ እንዳረፈድኩ ተማሪ። ባጃጅ ነጂውም መጥቷል፤ ከግድግዳው ተደግፎ፣ እጁን አጣምሮ እኔን ያያል።

«ጥንድ ጥንድ!» አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ። ሁሉም ተጣመረ፣ ዩኒት ሊደሩ ወደ ጥጉ ሄደ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም።

«ጋሼ፣ ከእኔ ጋር» አልኩ።

ፊት ለፊት ቆምን፣ እጅ ነሣሁት፣ እጅ ነሣኝ። ልምምዱ ቀላል ነው፤ እግር ይነሳል፣ ጉንጭ ሳይነካ አየር ላይ ይቆማል። ተቀባዩ ዓይኑን ሳይጨፍን እጁን ከፊቱ ይይዛል፣ በቃ። ይሄን ነገርኩት። የእናቴ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ፤ ነውር ነው፣ ልጄ። ቀኝ እግሬን አነሳሁ፤ እግሬ ወደ ግራ ጉንጩ ሄዶ ሳይደርስ ቆመ።

ዩኒት ሊደሩ ዓይኑን ጨፈነ። ትከሻው ሽቅብ ወጣ። ግራ ጆሮውን በመዳፉ ሸፈነ።

ይሄን መከላከያ ማንም አላስተማረውም፤ ቴኳንዶ ውስጥ የለም። እኔ አውቀዋለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ ያውቀዋል። ያ ትልቅ ሰውዬ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አክሎ ፊቴ ቆሞ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ቀን ተመኝቻለሁ! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይልቅ በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት እግሬን ነው፤ እዚያ ጉንጩ አጠገብ ተንጠልጥሎ የቀረውን የራሴን እግር።

አወረድኩት።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ይግለጡ።»

አልሰማኝም። ዞሬ ጆሮውን ባልሸፈነበት በቀኙ በኩል ቆምኩ። «ጋሼ፣ እዚህ ማንም ማንንም አይመታም። እጅዎን ያውርዱ።»

ዓይኑን ገለጠ። እጁን ለማውረድ ግን ጊዜ ወሰደበት። «የግራው አይሰማም» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ። «ልጅ ሆኜ ነው። የኔታ ናቸው... ነፍሳቸውን ይማር።»

ያኔ በሩ ላይ ተንበርክከን «አልደግምም» እያልን ስንለምነው በየትኛው ጎኑ ነበርን? ላስታውስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ይቅር ብየዋለሁ አልልም፤ መዳፌ አሁንም የራሱ ሐሳብ አለው። ምላሴ ግን ተፈታ። ቀኝ ጆሮው አጠገብ ሆኜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰው እሱን ማለፍ አፍሮ መሮጥ እንዳቃተው፣ ሊበተኑብኝ እንደሆነ፣ አዳራሹን ልናጣ እንደሆነ። «ከኋላ ሆነው ቢሮጡስ ጋሼ? ቢያልፉዎትስ?»

ሰዉን አንድ በአንድ አየ። እኔ ቁጣውን እየጠበቅኩ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ደረቱን ነፋና፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ የምናውቀውን ያንን ድምፅ ለቀቀው።

«ምን ትገተራላችሁ! ማለፍ ነው! ሩጡ!»

እግዚኦ! አዳራሹ ተናወጠ። ባጃጅ ነጂው እጁን ሳይፈታ ነው የፈረጠጠው። ሁሉም እግሬ አውጪኝ አለ። አሰልጣኟ እኔ ደግሞ ከሁሉም ቀድሜ እየሮጥኩ ራሴን አገኘሁት፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሁለት ዙር ሳንጨርስ ሰዉ በሳቅ ይንፈራፈር ጀመር። በዚያ ሳቅ መሀል ነው ሰዉ እንደማይበተን ያወቅኩት። ባጃጅ ነጂው ጎኔ ሲደርስ እያለከለከ «ነገም እመጣለሁ፣ ማስተር» አለኝ።

ዩኒት ሊደሩ ከኋላ ብቻውን ሱክ ሱክ ይላል። ዞሬ ደረስኩበትና በግራው በኩል አለፍኩት። መምጣቴን አልሰማም ኖሮ ድንግጥ አለ፤ እጁ ወደ ጆሮው በረረ። ማን እንደሆንኩ ሲያይ አውርዶ መሮጡን ቀጠለ፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

በሚቀጥለው ዙር ወደ ቀኙ ዞርኩ። ከሩቅ ጀምሬ መሬቱን በእግሬ እየመታሁ፣ እየመጣሁ እንደሆነ እንዲሰማ። ማስተሩ ተመልሶ ቁልፉን ከተረከበኝ በኋላም በግራው አልፌው አላውቅም።